እኩል ነጥብ፣ የተለያየ ዕጣ፦ ስለ ኮሌጅ ሆኪ ጥሎ ማለፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፌብሩዋሪ ሲጋመስ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የምኖረው ሚኒሶታ ነው። አዲስ አበባ የቡናና የጊዮርጊስ ጨዋታ ያለው ቦታ እዚህ የበረዶ ላይ ሆኪ ነው። ልጆቻችን ኮሌጅ ይገቡና የቡድናቸውን መለያ ለብሰው ይመለሳሉ። ብዙም ሳይቆይ ወላጁም አብሮ መጮህ ይጀምራል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ «ነጥባችን እኩል ነው፤ ታዲያ እኛ ለምን አምስተኛ ሆንን?» ዴንቨርና አውሮራ ያሉት ዘመዶቼም የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ከዓመት ዓመት የሚመላለሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ሲድ ምንድን ነው? ለምንስ ይህን ያህል ያስጨንቃል?

ሲድ አንድ ቡድን ወደ ጥሎ ማለፉ ይዞት የሚገባው የደረጃ ቁጥር ነው። መደበኛው ውድድር ሲያልቅ ሦስተኛ የወጣ ቡድን ሲዱ 3 ይሆናል። ማን ከማን እንደሚገናኝ፣ በማን ሜዳ እንደሚጫወቱ የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው።

ስምንት ቡድን በሚሳተፍበት ጥሎ ማለፍ አንደኛው ከስምንተኛው፣ ሁለተኛው ከሰባተኛው፣ ሦስተኛው ከስድስተኛው፣ አራተኛው ከአምስተኛው ይጋጠማሉ። ትልቁ ገደል ያለው በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ነው። አራተኛው ቤቱ ይጫወታል፣ አምስተኛው አውቶቡስ ይሳፈራል። ግጥሚያው ከሦስት ጨዋታ ሁለት ላሸነፈ ቢሆን እንኳ ሦስቱም የሚደረጉት በአራተኛው ሜዳ ነው። እንደ እግር ኳሱ ደርሶ መልስ የለም።

የሜዳ ጥቅም ከጭብጨባ ያለፈ ነገር አለው። ጨዋታው ቆሞ ተጫዋች ሲቀየር መጨረሻ ላይ የሚቀይረው የባለሜዳው አሰልጣኝ ነው። እንግዳው ማንን እንዳስገባ አይቶ የራሱን ያስገባል። የእንግዳው ኮከብ ሜዳ በገባ ቁጥር ምርጥ ተከላካዮቹን ይለቅበታል። በጠባብ ጨዋታ ይህ ብዙ ነው።

ነጥቡ እንዴት ነው የሚቆጠረው?

በ60 ደቂቃ ውስጥ ያሸነፈ 3 ነጥብ ይወስዳል። 60ው ደቂቃ በአቻ ካለቀ 5 ደቂቃ ይጨመራል። በጭማሪው ከበረኛ ውጭ ሦስት ለሦስት ይጫወታሉ፣ መጀመሪያ ያገባ አሸነፈ። ያም ካልለያቸው መለያ ምት ይመታል። በጭማሪው ወይም በመለያ ምቱ ያሸነፈ 2፣ የተሸነፈ 1 ያገኛል። በ60ው ደቂቃ የተሸነፈ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጨዋታ የሚወጣው ሁልጊዜ 3 ነጥብ ነው። ወይ አንዱ ጠቅልሎ ይወስደዋል፣ ወይ ሁለት ለአንድ ይካፈሉታል። ይህቺን ያዙልኝ።

ብዙ ሰው የሚያምታታው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። መለያ ምት የሚያገለግለው ለኮንፈረንሱ (ኮሌጆቹ ተሰባስበው ለሚወዳደሩበት ሊግ) ሰንጠረዥ ነው። በብሔራዊው መዝገብ ያ ጨዋታ አቻ ተብሎ ነው የሚጻፈው። አንድ ቡድን ስንት ጨዋታ እንዳሸነፈ ብትጠይቁ ሁለት የተለያየ ቁጥር ልትሰሙ ትችላላችሁ። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ሁለት ቡድኖች በእኩል ነጥብ ቢጨርሱ ማን ይቀድማል?

እያንዳንዱ ኮንፈረንስ የራሱ የመለያ ዝርዝር አለው። ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ይወርዳሉ፣ የለያቸው መስፈርት ላይ ይቆማሉ። በዝርዝሩ አናት ላይ ብዙውን ጊዜ የምታገኙት የእርስ በርስ ውጤት ነው። ሁለቱ በዓመቱ ውስጥ ሲገናኙ ማን ብዙ ነጥብ ሰበሰበ? ያ ቡድን ይቀድማል።

ቀላል ይመስላል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የእህቴ ልጅ ይህንኑ ጠየቀችኝ። ቡና ተፈልቶ ነበር፣ ሰፌዱ ላይ ፈንዲሻ አለ። ፈንዲሻውን ነጥብ አድርጌ ቆጠርኩላት። ቡድን «ሀ» እና ቡድን «ለ» አራት ጊዜ ተገናኙ እንበል። ለእያንዳንዱ ጨዋታ ሦስት ፈንዲሻ፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት።

የመጀመሪያውን ጨዋታ «ሀ» በ60ው ደቂቃ አሸነፈ። ሦስቱም ፈንዲሻ ወደ እሱ ሄደ። የቀሩትን ሦስት ጨዋታዎች ያሸነፈው «ለ» ነው፤ ግን ሁለቱን በጭማሪ፣ አንዱን በመለያ ምት። በየጨዋታው ሁለት ለ«ለ»፣ አንድ ለ«ሀ»። አሁን ቁጠሩት። «ለ» ሦስት ጊዜ ሁለት፣ 6። «ሀ» ሦስት ሲደመር አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ እሱም 6።

ልጅቷ ፈንዲሻውን ደግማ ቆጠረችው። «ከአራቱ ሦስቱን አሸንፎ እንዴት እኩል ይሆናል?» አለች። ይሆናል። የእርስ በርስ ውጤቱ አልለያቸውም ማለት ነው፣ ወደ ሁለተኛው መስፈርት እንወርዳለን።

የዝርዝሩ ቅደም ተከተል ዋጋው የሚታየው እዚህ ጋ ነው። ሁለቱም በኮንፈረንሱ ሰንጠረዥ 40 ነጥብ ይዘዋል እንበል። ቀጣዩ መስፈርት «በ60 ደቂቃ የተገኘ ድል» ከሆነ፣ ጨዋታዎቹን ሳያስረዝም የሚጨርሰው «ሀ» የመቅደም ዕድሉ ሰፊ ነው። «ጠቅላላ ድል» ከሆነ ደግሞ በጭማሪ እየታገለ የሚያሸንፈው «ለ» ያተርፋል። ቡድኖቹ ያው፣ ጨዋታዎቹም ያው ናቸው። ወረቀቱ ላይ የትኛው መስመር ቀድሞ እንደተጻፈ ብቻ ነው ልዩነቱ። ስለዚህ ክርክር ከመጀመራችሁ በፊት የኮንፈረንሳችሁን የዘንድሮ ደንብ አውጥታችሁ አንብቡ። ደንቡ ይቀያየራል፤ በአምናው መከራከር ያሳፍራል።

ሦስት ቡድኖች እኩል ሲሆኑስ?

እዚህ ላይ ጎበዝ የሚባለው ተንታኝም ይሳሳታል። ሦስቱ ብቻ የተገናኙባቸው ጨዋታዎች ተለይተው ትንሽ ሰንጠረዥ ይሠራላቸዋል።

«ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» እርስ በርስ አራት አራት ጊዜ ተጫውተዋል እንበል። አሥራ ሁለት ጨዋታ፣ 36 ነጥብ። «ሀ» 15፣ «ለ» 11፣ «ሐ» 10 ሰበሰቡ። «ሀ» አንደኛ መሆኑ ላይ ክርክር የለም። ቀጣዩ ማን ነው?

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ትንሿን ሰንጠረዥ እንዳለች መውሰድ ነው። 11 ከ10 ይበልጣል፣ «ለ» ቀደመ። ሌላው «ሀ»ን አውጥቶ በቀሩት ሁለቱ መካከል እንደ አዲስ መጀመር ነው። «ለ» እና «ሐ» ለብቻቸው ሲገናኙ «ሐ» 7፣ «ለ» 5 ነጥብ ወስደው ከሆነ አሁን የሚቀድመው «ሐ» ነው። («ለ» በትንሿ ሰንጠረዥ የበለጠው ከ«ሀ» ላይ 6 ነጥብ ስለወሰደ ነው፤ «ሐ» ከ«ሀ» ያገኘው 3 ብቻ ነው።)

ደንቡ ውስጥ «ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ይጀመራል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ ወይስ የለም? አንድን ቡድን ቤቱ የሚያስቀር ወይም አውቶቡስ የሚያሳፍር ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ እንደ አዲስ መጀመሩን እደግፋለሁ። የቀረው ክርክር የሁለቱ ከሆነ ዳኛውም የሁለቱ ጨዋታ ይሁን።

ለምን በጎል ልዩነት ብቻ አይለዩም?

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን እየተከታተልን ያደግን ሰዎች ቶሎ የሚመጣልን የጎል ልዩነት ነው። ስፔን ላሊጋ ግን የእርስ በርስ ውጤትን ያስቀድማል። ሆኪም ወደዚያ ያደላል፤ ምክንያቱ ይገባኛል።

በሆኪ በውጤት የተበለጠው ቡድን ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው በረኛውን አስወጥቶ በምትኩ አጥቂ ያስገባል። ጎሉ ባዶ ይቀራል። ተጋጣሚው ፓኩን (በሆኪ የኳስ ቦታ ያለውን ጠፍጣፋ ጎማ) ከሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ገፍቶ ያገባዋል። 2 ለ 1 የነበረው ጨዋታ 3 ለ 1፣ አንዳንዴም 4 ለ 1 ሆኖ ያልቃል። እስከ መጨረሻው አንገት ለአንገት የነበረ ጨዋታ በወረቀት ላይ ሰፊ ሽንፈት ይመስላል። የጎል ልዩነት በዝርዝሩ ወደ ታች ቢቀመጥ ጥሩ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ቡድናችን አራተኛነቱን አረጋገጠ የሚባለው መቼ ነው?

የቀረውን ጨዋታ በ3 አባዙት። ሁለት ጨዋታ ከቀረ ተከታያችሁ ሊያገኝ የሚችለው ቢበዛ 6 ነጥብ ነው። በ7 ከመራችሁ አለቀ። በ6 ከመራችሁ ግን አላለቀም፣ ሊደርስባችሁ ይችላል። ያኔ የመለያውን ዝርዝር ማን እንደሚያሸንፍ ቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ። የእርስ በርሱን እናንተ ከያዛችሁት 6 ነጥብም ይበቃል።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ከዚያው ተከታይ ጋር ከሆኑ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በነጥብ ሲደርስባችሁ የእርስ በርስ ውጤቱንም አብሮ እየለወጠ ነው።

ሁሉም ኮንፈረንስ አንድ ዓይነት ጥሎ ማለፍ አለው?

የለውም። ሆኪ ኢስት 11ዱንም ቡድኖቹን ያስገባል፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት አንድ ዙር ያርፋሉ፣ ሁሉም ዙር በአንድ ጨዋታ ይወሰናል፣ ማጠቃለያው ቦስተን ነው። ኢ ሲ ኤ ሲ 12 ቡድን አለው። አራቱ ያርፋሉ፣ ሩብ ፍጻሜው ከሦስት ሁለት ላሸነፈ ነው። ከዚያ ሌክ ፕላሲድ ይገናኛሉ፣ በ1980 የአሜሪካ ወጣቶች ሶቪየት ኅብረትን ባሸነፉበት ሜዳ። ዴንቨር፣ ኖርዝ ዳኮታና ሚኒሶታ ዱሉዝ ያሉበት ኤን ሲ ኤች ሲ ደግሞ ለዓመታት ግማሽ ፍጻሜውንና ፍጻሜውን ሴንት ፖል መሀል ከተማ ያደርግ ነበር። ከ2026 ጀምሮ ግን እሱንም ወደ ኮሌጆቹ ሜዳ መልሶታል። ለሲድ የሚደረገው ትግል የበለጠ የከረረው በዚህ ነው።

ከሦስት ሁለት ላሸነፈ በሚሆን ግጥሚያ የተሻለው ቡድን ዕድሉ ምን ያህል ነው?

በሒሳብ እንየው። የተሻለው ቡድን እያንዳንዱን ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ 60 በመቶ ነው እንበል። በሁለት ጨዋታ የመጨረስ ዕድሉ 36 በመቶ ነው። በሦስት የመጨረስ ዕድሉ 29 በመቶ ገደማ። ደካማው በሦስት ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ 19፣ በሁለት የመጨረስ ዕድሉ 16 በመቶ። ስለዚህ የተሻለው ቡድን የማለፍ ዕድሉ ወደ 65 በመቶ ይደርሳል።

ከ60 ወደ 65 ነው። ትንሽ ነው የጨመረው። ሰው «ሦስት ጨዋታ ስለሆነ የተሻለው ማለፉ አይቀርም» ሲል እሰማለሁ፣ አልስማማም። ዕድሉ በየጨዋታው 55 ከሆነ ግጥሚያው 57 ገደማ ይሆናል። 70 ከሆነ 78። ከሦስት ግጥሚያ በአንዱ «ያልተጠበቀ» ውጤት ቢመጣ፣ በ60 በመቶው ስሌት የሚጠበቀው ያ ራሱ ነበር።

60 ወይም 55 የሚለውን ቁጥር ከየት እናመጣለን ለምትሉ፣ ክራች የሚባል የታወቀ ስሌት አለ። ለእያንዳንዱ ቡድን በውጤቱና በተጋጣሚዎቹ ጥንካሬ ቁጥር ይሰጣል። ጥሩነቱ ንባቡ ቀላል ነው። አንዱ 300፣ ሌላው 100 ከሆነ፣ ከአራት ጨዋታ ሦስቱን ባለ 300ው ያሸንፋል ተብሎ ይጠበቃል።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ያሸነፈ አለቀለት?

ዕድሉ በጣም ይሰፋል። በዚያው ምሳሌ የተሻለው ቡድን ዓርብ ካሸነፈ የማለፍ ዕድሉ 84 በመቶ ነው። ደካማው ካሸነፈም 64 ይደርሳል። ግን አላለቀም።

በማርች 2015 በሆኪ ኢስት የመጀመሪያ ዙር የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲና ኖትር ዳም በኖትር ዳም ሜዳ ተገናኙ (ያኔ ይህ ዙር ከሦስት ሁለት ላሸነፈ ነበር)። በጥሎ ማለፍ መለያ ምት የለም። አምስት ለአምስት፣ 20 ደቂቃ እየጨመሩ ጎል እስኪገባ ይቀጥላሉ። የዚያን ዓርብ ምሽት አምስተኛ ጭማሪ ውስጥ ገቡ። ማሳቹሴትስ 4 ለ 3 ሲያሸንፍ ሰዓቱ 151 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ቆጥሯል። በኮሌጅ ሆኪ ታሪክ ረጅሙ ጨዋታ ነው። ከዚያስ? ኖትር ዳም ቀጣዮቹን ሁለት ጨዋታዎች አሸንፎ አለፈ።

አንተ ትንበያ ስትሰጥ ምን ታያለህ?

መጀመሪያ በረኛውን። ሁለተኛም በረኛውን። በ2024 ዴንቨር የአገሪቱ ሻምፒዮን ሲሆን በአራት ጨዋታ የገባበት ሦስት ጎል ብቻ ነበር። ፍጻሜው እዚሁ ሴንት ፖል ነበር፤ አንደኛ ሲድ የነበረውን ቦስተን ኮሌጅን 2 ለ 0 ረታ። በረኛው ማት ዴቪስ 35 ኳስ አዳነ። ቦስተን ኮሌጅ በአጥቂዎቹ አገር ያደነቀው ቡድን ነበር። ዴንቨር በዚያ ምሽት 10ኛ ዋንጫውን አነሳ፤ ከሁሉም ይበልጣል።

ቀጥሎ የቁጥር ብልጫ። ተጫዋች ጥፋት ሠርቶ ሁለት ደቂቃ ሲወጣ ቡድኑ በአራት ይቀራል። ያኔ ማን ያገባል? ማንስ ይቋቋማል? በጠባብ ጨዋታ ውጤቱን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ይህ ነው። ከዚያ ደግሞ የቡድኑ ጥልቀት። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ ካስፈለገ እሑድ በተከታታይ ነው የሚጫወቱት። በሁለት መስመር አጥቂ (ተፈራርቀው በሚገቡ ሁለት የአጥቂ ጓዶች) ብቻ የሚተማመን ቡድን እሑድ እግሩ ይዝላል። ስለ ጉዳት የኮሌጅ ቡድኖች ብዙ አይናገሩም፤ የዕለቱን አሰላለፍ እስክናይ እጠብቃለሁ።

ዘንድሮ ሦስት ጊዜ አሸንፈናቸዋል። አራተኛውም የእኛ አይደለም?

የኳኒፒያክ ዩኒቨርሲቲን ጠይቁ። በ2013 የል ዩኒቨርሲቲን በዚያው ዓመት ሦስት ጊዜ ገጥሞ ሦስቴም አሸንፎ ነበር። የአገሪቱ አንደኛ ሲድም ነበር። የል ወደ ብሔራዊው ውድድር 16 ቡድኖች የገባው በመጨረሻው ክፍት ቦታ ነው፣ 15ኛ ሆኖ። በመጀመሪያው ዙር ሚኒሶታን ጭማሪው በተጀመረ በ9 ሰከንድ አሰናበተ። ፍጻሜ ላይ ኳኒፒያክን ለአራተኛ ጊዜ አገኘው። 4 ለ 0፣ ዋንጫው የየል።

ወደ ብሔራዊው ውድድር እንዴት ይገባል? እዚያስ እኩል ሲሆኑ?

16 ቡድን ይገባል። ስድስቱ የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች ናቸው፣ በቀጥታ ያልፋሉ። የቀሩት አሥር ቦታዎች በብሔራዊው የደረጃ ስሌት ይሞላሉ። በደረጃው ዝቅ ያለ ቡድን ኮንፈረንሱን ድንገት ካሸነፈ አንድ ቦታ ይወስዳል። በማርች የኮንፈረንስ ፍጻሜዎች በሚደረጉበት ቅዳሜ ምሽት የማታውቁትን ኮሌጅ ፍጻሜ ተጨንቃችሁ የምታዩት ለዚህ ነው።

ለብዙ ዓመታት የሚሠራበት ቡድኖችን ሁለት ሁለት አድርጎ የሚያነጻጽረው ፔርዋይዝ ነበር። እኩል ሲሆኑ አር ፒ አይ የተባለው ቁጥር ይለያቸዋል። ከ2025–26 ጀምሮ ኤን ፒ አይ የሚባል አንድ ቁጥር ተተክቷል፤ የራስን ውጤትና የተጋጣሚን ጥንካሬ አብሮ ይመዝናል።

በዚያ በድሮው ስሌት የደረሰውን ሚኒሶታ አይረሳውም። በ2018 የመጨረሻውን ቦታ የተፎካከሩት ሁለቱም የኛው ነበሩ፣ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲና ሚኒሶታ ዱሉዝ። ልዩነታቸው 0.0001 ሆነ። ከአሥር ሺህ አንድ! ዱሉዝ ገባ፣ ሚኒሶታ ቤቱ ቀረ። ዱሉዝ ከዚያ አራት ጨዋታ አሸነፈ፣ አራቱንም በአንድ ጎል ልዩነት። ኖትር ዳምን 2 ለ 1 ረትቶ ዋንጫውን ያነሳው ሴንት ፖል ላይ ነው። በ2019ም ደገመው። በኖቬምበር አንዲት ጨዋታ ሌላ መልክ ይዛ ቢሆን ያ ቡድን ውድድሩን በቴሌቪዥን ነበር የሚያየው።

በአንድ ጨዋታ ሲሆን ትንበያ ይሠራል?

ይሠራል፣ ግን በትሕትና። ብሔራዊው ውድድር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ጨዋታ ነው። በ2006 ሆሊ ክሮስ ሚኒሶታን በጭማሪ 4 ለ 3 ሲያሸንፍ የጠበቀ አልነበረም። አንደኛው 16ኛውን ሲገጥም «በእርግጠኝነት» አልልም። ቁጥሬን ሰጥቼ ዝም እላለሁ።

የሴቶቹ ሆኪስ?

ነጥቡና የመለያው አስተሳሰብ ተቀራራቢ ነው። በብሔራዊው ውድድር 11 ቡድን ይገባል። ካላያችሁት የ2025ቱን ፍጻሜ ፈልጋችሁ እዩት። ዊስኮንሲን ጨዋታው ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት በፍጹም ቅጣት ምት አቻ ሆኖ ኦሃዮ ስቴትን በጭማሪ 4 ለ 3 አሸነፈ። ሁለቱንም ጎል ያገባችው ኪርስተን ሲምስ ናት። የተጫወቱት እዚሁ ሚኒያፖሊስ ነው።

ልጆቼን ይዤ ልሄድ ነው። የትኛውን ቀን ልምረጥ? መቼ እንመለሳለን?

60ው ደቂቃ ከእረፍቱ ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ጭማሪ ከመጣ ግን መቼ እንደሚያልቅ ማንም አያውቅም። ውስጡ ይበርዳል፣ ለልጆቹ ጃኬትና ካልሲ ደርቡ። ጥሎ ማለፉ ብዙውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል የጾም ምግብ ቤት በልታችሁ ሂዱ፤ ሜዳው ውስጥ የምታገኙት ፈንዲሻ ነው፣ እሱንም ቅቤ እንዳያፈሱበት ንገሯቸው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ካለባችሁ ደግሞ የዓርቡን ትኬት ግዙ።